ሰው ያልለመደ ጨርቅ

አራስ ያለችበት ቤት ሁሉ ሁለት እንግዳ ይቀበላል። አንደኛው ሕፃኑ ነው። ሁለተኛዋ የሕፃኑን ዕቃ ልትመረምር የምትመጣዋ ሴት ናት። ይህች ሴት የሌለችበት ሰፈር እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትገባለች፤ ገንፎውን ሁለት ጊዜ ትጎርሳለች፤ ሦስተኛውን ከመጉረሷ በፊት ዐይኗ ሻንጣው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተገዛ ነገር ሁሉ ተነሥቶ ስለ ራሱ መመስከር አለበት።

በእኛ ሰፈር፣ ከዲላ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ይህን ታላቅ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት የተከበሩ ወይዘሮ ሀጅራ ናቸው። ማን እንደ ሾማቸው የሚያስታውስ የለም። እኔ የአማርኛ መምህር ሆኜ ወደዚህ ከተማ ስመደብ እሳቸውና ባለቤታቸው ከቡታጅራ መጥተው የጨርቅ ሱቅ ከፍተው አገኘኋቸው፤ ያኔም ሹመቱ በእጃቸው ነበር። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ባለቤታቸውም አረፉ፤ እሳቸው ግን ከሥራቸው አልወረዱም።

የዩኒቨርሲቲ አስተማሪው ወንድይራድ ልጅ በወለደ ጊዜ የሕፃኑን የገላ ውኃ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ነበር። ወይዘሮ ሀጅራ መሣሪያውን አገላብጠው አዩና ሚስቱን «ክንድሽ ላይ ክርን አልተሠራልሽም?» ብለው ጠየቁ። የሕፃኑን ጋሪ ሲያዩ ደግሞ በመስኮት ወደ ዳገቱ፣ ከዳገቱ ወደ ጭቃው፣ ከጭቃው ወደ አባትየው ተመለከቱ። «በቅሎውስ ተገዝቷል?» አሉ። ጋሪው እስከ ዛሬ በዚያ ቤት የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው።

የሚገርመው ግን ወዲህ ነው። ወይዘሮ ሀጅራ የሚኖሩት ጨርቅ ሸጠው ነው፤ ለሕፃን ግን ጨርቅ አይሸጡም። ለሙሽራ ይሸጣሉ፣ ለሐዘንተኛ ይሸጣሉ፣ ለተማሪ ይሸጣሉ። «ለአራስ ልጅ ነው» ያሏቸው እንደሆነ መቀሳቸውን ያስቀምጣሉ።

አንድ ጊዜ፣ በቡና ለቀማው ማብቂያ፣ ከወርቃ የመጡ ባልና ሚስት ወደ ሱቁ ገቡ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር። ጋዲሳ የተባለው ባል አዲስ አባት ነው፤ በኩራት ደረቱ የሱቁን በር ሞልቶታል።

«ለልጄ ነው። ከሁሉ የሚሻለውን አምጡ» አለ።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ቤታችሁ ያረጀ ቡሉኮ የለም?»

«አለ። የአባቴ ነው።»

«ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ?»

«ጣት ያሳያል» አለች ሚስቱ ቦንቱ፣ አንገቷን ደፍታ።

«በሉ እሱን ቅደዱለት። አዲስ ጨርቅ ምን ያደርግላችኋል? አዲስ ጨርቅ ገና ሰው አልለመደም።»

ጋዲሳ ወደ እኔ ዞረ። የተማረ ሰው ነው፣ ይፈርድልኛል ብሎ ይሆናል። ጋዜጣዬን ከፍ አደረግሁ። ከጓዳ ግን የወይዘሮ ሀጅራ ልጅ ሱፍያን፣ ራሱ የሦስት ልጆች አባት የሆነው፣ «እማ፣ ሱቁን እንዝጋውና ምክር ቤት እንክፈትበት» ሲል ተሰማ።

«ሰው አልለመደም» የምትለዋ ቃል የወይዘሮ ሀጅራ ሕገ መንግሥት ናት። በእሳቸው ዘንድ አዲስ ጨርቅ እንደ አዲስ ዘበኛ ነው፤ ባለቤቱን ከሌባው አይለይም። ላብ አይቶ፣ ፀሐይ አይቶ፣ ስንት ሳሙና ከጨረሰ በኋላ ነው ለሕፃን ገላ የሚታመነው። እኛ በተማርንበት የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ «የሕፃን ልብስ ንጹሕና ልል ይሁን» ተብሎ ተጽፎ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ በጎኑም ጉንጯ የሞላ አንዲት እናት ተሥላበታለች። ስለ ጨርቁ ዕድሜ ግን መጽሐፉ ዝም ብሏል። ወይዘሮ ሀጅራ መጽሐፍ ዝም ባለበት ሁሉ ይናገራሉ።

አሁን እንዲህ እያልሁ እጽፋለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም።

ልጄ ሥርጉት ሐዋሳ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። በደንቡ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ እናቷ መንበረ ግን ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ሥርጉት እዚህ ቤት ሁለት ሌሊት አድራ አታውቅም። ትመጣለች፤ የእናቷን ክፍል በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ «ነገ ሥራ አለብኝ» ትላለች። ስለዚህ አንድ ቀን ደውላ «አባዬ፣ አንተ ጋ መጥቼ ልውለድ?» ስትለኝ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝሁት። ያሰብሁት አንድ ነገር ነበር። እስከ ክርስትናው፣ ወንድ ከሆነ አርባውን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያውን ቀን ሙሉ ከቆየች፣ ቤቱ እንደገና ቤቷ ይሆናል። ሳትጨርስ ከሄደች ግን ከእንግዲህ የምትመጣው ለእኔ ቀብር ነው።

ወንድ ልጅ ወለደች። በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ሀጅራ መረቅ በፔርሙስ ይዘው መጡ። «እንኳን አላህ ማረሽ» ብለው ተቀመጡ፤ ዐይናቸውም በወጉ መሠረት ሻንጣው ላይ አረፈ። ሻንጣው ውስጥ ፈዛዛ አረንጓዴ ቅጠል የታተመባቸው ዐሥር ስስ ነጭ ጨርቆች ታጥፈው ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙስሊን ነው፣ እትዬ ሀጅራ።»

አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። «ደግሞ ጨርቁም ሰለመ?»

«ሙስሊም አይደለም፤ ሙስሊን።»

«አሃ። ጀምሮ ተወው በይኛ።» ጨርቁን በሁለት ጣታቸው መሃል አሹት። «ልጄ፣ ይሄ ሻሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሻሽ ብዬ ስሸጠው ኖሬ፣ ሐዋሳ ሲደርስ ስም አወጣ?»

ሥርጉት ስልኳን ከፍታ ታነብላቸው ጀመር። አንዱ መጠቅለያ ነው። አንዱ ልጁን ሲያስገሱት ትከሻ ላይ ይነጠፋል። አንዱ ሲያቀረሽ መጥረጊያ፣ አንዱ የፀሐይ መከለያ፣ አንዱ ሰው ፊት ሲያጠቡ መሸፈኛ። ቢያንስ ስምንት ያስፈልጋል።

«ማነው ያለው?»

«እዚህ ተጽፏል።»

«የጻፈው ሰው ወልዷል?»

ሥርጉት የጸሐፊውን ስም ፍለጋ ጽሑፉን ወደ ታች ገፋች።

«ስንት አፍ ነው ያለው ይሄ ልጅ? አንድ ያረጀ ነጠላ ለስድስት ይቀደዳል፣ አለቀ። ይሄ ሁሉ ምን ያደርግላችኋል?»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከወይዘሮ ሀጅራ ጋር ነበርሁ። እኛ ያደግነው በነጠላ ቁራጭ ነው፤ አልጎደለብንም። ነገር ግን ልጄ ከንፈሯን ስትነክስ አየሁና ተነሥቼ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመርሁ። መምህር ሳለሁም ክፍል ውስጥ ጠብ ሲነሣ ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋት እወድ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ሥርጉትና ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ ወይዘሮ ሀጅራ ዐሥሩንም ጨርቅ ሰብስበው ወደ ጓሮ ወሰዱ። ክፋት አልነበረም። ጨርቁ ላይቀር ነገር ቢያንስ ሰው ይልመድ ብለው ነው። ትልቁን ድስት ጥደው በሳሙና ቀቀሉት፤ በአንድ ቀን የዐሥር ዓመት ዕድሜ ሊሰጡት ፈለጉ። እኔም በዚያ ሳልፍ፣ እግረ መንገዱን ይታጠብልኝ ብዬ፣ ቀይ መሐረቤን ከኪሴ አውጥቼ ድስቱ ውስጥ ጣል አደረግሁ።

ጨርቁ ሲወጣ ቅጠሉ ጠፍቷል። ነጩ የታመመ ድድ መስሏል። ስፋቱም በአንድ ስንዝር ያህል ተኮማትሯል። ሥርጉት ነቅታ ወደ ጓሮ ወጣችና ገመዱ ላይ የተሰጣውን አየች።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሀጅራ። «አዲስ ጨርቅ እኮ…»

«ሰው አልለመደም። ሰምቻለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ይልቁን ወረደ። «እትዬ፣ እናት ያላት እናቷን ትጠይቃለች። እኔ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። በየምሳ ሰዓቱ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን እየጠየቅሁ ነው አንድ በአንድ የመረጥሁት። ያስፈልግ አያስፈልግ አላውቅም። በራሴ ያዘጋጀሁለት ግን እሱን ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ሀጅራ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ጨርቆቹን ከገመዱ ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሳቸው ከግቢው ሳይወጡ እኔ መሐረቤን ከድስቱ ውስጥ አውጥቼ እርጥቡን በኪሴ ከተትሁት። ስለ እሱ ቃል አልተነፈስሁም።

በዚያው ቀን ልጄ ለባሏ ለሚሊዮን ደወለች። «ቅዳሜ መኪና ይዘህ ና። እንሄዳለን» አለችው። «ቆዪ» የትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ከአፌ ሊወጣ አልቻለም።

ወይዘሮ ሀጅራ ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስም አልመጡም። መረቅ የሚያመጣ፣ በሩ ተከፈተ ብሎ የሚቆጣ፣ ሕፃኑ ባስነጠሰ ቁጥር የሰፈሩን የጉንፋን ታሪክ የሚተርክ ጠፋ። ሥርጉት ዕቃዋን እያጠፈች ትከታለች። በሩ ሲንኳኳ ግን ቀና ትላለች፤ እኔ መሆኔን ስታይ ተመልሳ ታቀረቅራለች።

ዐርብ ጠዋት ወደ ሱቁ ሄድሁ። ወይዘሮ ሀጅራ ከሱቁ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዐሥሩን ጨርቅ በሳፋ ውስጥ ያሻሉ። ሱፍያን እጁን ወደ እናቱ ዘርግቶ አሳየኝ። «ሦስተኛ ቀኗ ነው መምህር። እጇ ተላጠ። እርስዎ ይንገሯት፣ እኔንማ ድሮም አትሰማኝ።» የጨርቁ ቅላት ሊለቅ ትንሽ ቀርቶታል።

«ወይዘሮ ሀጅራ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ መጣሁ። ያ መሐረብ…»

«የእርስዎ ነው።»

«ያውቃሉ?»

«ከድስቱ ሲያወጡት አየሁዎት። ደግሞስ እንዲያ ያለ ቀለም የሚለቅ መሐረብ እኔ ካልሸጥሁት ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ጨርቁን ጠመዘዙት። «እኔ ጎረቤት ነኝ። በእኔ ብትቆጣ አኩርፋኝ ትሄዳለች፣ አለቀ። በአባቷ ብትቆጣ ከእንግዲህ የማን ቤት ትገባለች?» ከዚያም ሳያዩኝ ጠየቁ። «ስልኩ ልጁን እንዴት ነው ጠቅልሉት የሚለው?»

«አላውቅም።»

«ደህና። እኔም አላውቅም» አሉ።

ይህን ያሉት ሴት በሰፈራችን ያልጠቀለሉት ልጅ የለም። ሥርጉትን ራሷን በተወለደች በሦስተኛው ቀን ጠቅልለው ለመንበረ ያቀበሏት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ጨርቁ ነጭ ሆኗል፤ ቅጠሉ ግን አልተመለሰም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ቅጠሉን መመለስ አቃተኝ። የአጠቃለሉን ነገር ግን አሳዪኝ። እኛ ዝም ብለን ነበር የምንጠቀልለው። ነገ ትሄጃለሽ፤ ሌላ አራስ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

ሥርጉት ሻንጣዋን ከአልጋው ላይ አወረደች። ከዚያ አንዱን ጨርቅ አልጋው ላይ ዘረጋች። የላይኛውን ጫፍ አጠፈች፤ ሕፃኑን አስተኛችበት፤ ቀኙን አሻገረች፤ ታቹን ወደ ላይ መለሰች፤ ግራውን አዞረች። «እግሩ እንዳይታሰር፤ ጉልበቱን ማጠፍ አለበት። አሁን እርስዎ።»

ወይዘሮ ሀጅራ ጠቀለሉ። የሕፃኑ አንድ እጅ አፈትልኮ ወጣ።

«አይደለም፤ መጀመሪያ ቀኙን።»

እንደገና ጠቀለሉ። አሁን ደግሞ እግሩ ወጣ።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ታቹን ረሱት እኮ።»

«አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ አሳዪኝ።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲሳሳቱ ሕፃኑ ሁለት እጁን እንደ ሰባኪ ዘርግቶ ወጣ፤ ሥርጉትም ሳቀች። ከወለደች ጀምሮ ሳቋን አልሰማሁም ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ የወይዘሮ ሀጅራን ጣቶች እያየሁ ነው። መልሱን እያወቀ የሳተ የሚመስል ተማሪ ሲያጋጥም መምህር አይሸወድም፤ ጣቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይደርስና ይመለሳል። የእሳቸውም ጣት እየደረሰ ይመለስ ነበር።

«ይሄ በአንድ ቀን የሚሆንልዎት አይመስለኝም» አለች ሥርጉት። ስልኳን አንሥታ ደወለች። «ሚሊዮን፣ ነገ መኪናውን ተወው፤ በአውቶብስ ና። … አዎ። እስከ ክርስትናው እዚሁ ነኝ። … አይ፣ እትዬ ሀጅራን የማስተምራቸው ነገር አለ።»

ልቤ ሞላ። ሰው ልቡ ሲሞላ ጥፋቱን መናገር ያምረዋል። «ሥርጉት» አልሁ፤ «ያን ቀን ጨርቁን ያቀላው…»

«መምህር» አሉ ወይዘሮ ሀጅራ፣ ዐይናቸውን ከሕፃኑ ሳያነሡ፤ «ውኃው ፈልቶ እንደሆነ እስቲ ይመልከቱልን።»

ወጥ ቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም፤ እሳትም አልነደደም። ከወዲያኛው ክፍል የልጄ ድምፅ ይሰማል፤ «ቀኙን፣ እትዬ፤ መጀመሪያ ቀኙን።» እኔም ምድጃው አጠገብ ቆሜ ውኃው እስኪፈላ ጠበቅሁ።