አውሮፕላናችን ከቆመበት አልነቃነቅ ባለበት ጉዳይ ላይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፤ አባታችን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ከሚገቡበት ሰኞ በፊት ያለው የመጨረሻው ቅዳሜ።

ቦታ፦ የቤታችን የጓሮ ክፍል። ድሮ ዕቃ ማጎሪያ ነበር። አሁን ሰብሳቢው ባሉበት "ኮክፒት" ወይም የፓይለት ክፍል ይባላል፤ በሌሉበት አሁንም ዕቃ ማጎሪያ ነው።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ጥሪው ለስምንት ሰዓት ነበር። ኮምፒውተሩ ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ማደስ ስለጀመረ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

የተገኙ፦
1. አባታችን፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፤ ከጡረታ ወዲህ በኮምፒውተር የማብረር ጨዋታ የቤት ውስጥ ፓይለት።
2. እናታችን፣ የዕለቱ ብቸኛ መንገደኛ። በወጣትነታቸው በዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭና ረዳት የነበሩ። ድምፅ የላቸውም፤ ወንበር ግን ተሰጥቷቸዋል።
3. ትልቁ አማች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ።
4. ትንሹ አማች፣ የሒሳብ መምህር።
5. የመጨረሻዋ ልጅ፣ ጸሐፊ። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ሳትጠየቅ የተመረጠች።

ያልተገኙ፦ ሁለቱ ታላላቅ እህቶች። ምክንያት ሲጠየቁ "ባሎቻችንን ወስዳችሁልን ገና አሁን ነው ያረፍነው" ብለዋል። ምክንያቱ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አምስት በመገኘታቸው ተሟልቷል። ትንሹ አማች ይህንን በፐርሰንት ሊያስረዱ ጀምረው በቃ ተብለዋል።

አጀንዳ አንድ፦ ችግሩን ስለመረዳት

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ "እናታችሁን በአውሮፕላን አሳፍራለሁ ብዬ ቃል የገባሁት ትልቋ ልጄ ሳትወለድ ነው። እውነተኛው አልሆነልኝም። ይኼኛውም ቢሆን ዓይኔ ሳይሸፈን ይሁንልኝ" አሉ። ሐኪሙ ተስፋ አለ እንጂ ዋስትና አልሰጥም ማለቱን ሁሉም አባላት ያውቃሉ። ትልቁ አማች በዚህ ጊዜ ያልተጠላለፈ ገመድ ሲፈቱ ታይተዋል።

ቀጥሎ ለእናታችን ሲባል ማብራሪያ ቀረበ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ተርሚናሉ አዙሮ ይቆማል። በራሱ ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል አንዲት ትንሽ መኪና መጥታ የፊት ጎማውን ይዛ ትገፋዋለች። ትልቁ አማች ይህ ሥራ አምሮ እንዲታይ ብለው መኪናዋን፣ ደረጃውን፣ ሻንጣ ጫኞቹንና የነዳጅ ቦቴውን የሚያመጣ ተጨማሪ ፕሮግራም ገዝተው ለአባታችን አስገቡ። ትንሹ አማች በሳምንቱ ያንኑ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ገዝተው አስገቡ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ "የኔው ጫኞች አንጸባራቂ ሰደርያ አላቸው" ብለዋል። ሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን መኖር አያውቁም። በዚህ ረገድ ከባለቤቶቻቸው ይሻላሉ።

ጉዳዩን በዓይን ለማየት ሙከራ ተደረገ። አባታችን ገፊ እንዲመጣ ጠሩ። ሁለት መኪኖች መጥተው አንዱን ጎማ ያዙ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ገፋ። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፣ በቆመበት ዞረ፣ ብድግ ብሎም የተርሚናሉ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። እናታችን ቦርሳቸውን አንስተው "ደረስን እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አልደረስንም የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ከሁለቱ ፕሮግራሞች የትኛው ይውጣ

ትንሹ አማች ሁሉንም አጥፍቶ አንድ በአንድ እያበሩ መሞከር እንደሚገባ አስረዱ። ይህ ትክክል መሆኑን ሁሉም አመኑ። የመጀመሪያው የሚጠፋው የማን ነው የሚለው ግን ከብዙ ውይይት በኋላም አልተወሰነም። ትልቁ አማች የትንሹ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንደሚያከብድ፣ ትንሹ አማች የትልቁ ፕሮግራም ጫኞች ሻንጣውን ክንፍ ውስጥ እንደሚያስገቡ ተናገሩ። አንደኛው ስለ ሌላኛው የኤሌክትሪክ ዕውቀት፣ ሌላኛውም ስለ አንደኛው የማካፈል ችሎታ የተናገሩት ለቃለ ጉባኤ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም።

በዚህ መካከል አባታችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አማቾች ድንገት ደግ ሆኑ። ትንሹ "ጋሼ፣ የኔ ይውጣ" አሉ። ትልቁ "ኧረ ሞቼ ነው ቆሜ ያንተ የሚወጣው፣ ወንድሜ?" አሉ። ትንሹ "በናትህ" አሉ፤ ትልቁ "በአባባ ሞት" አሉ። አባታችን ስማቸው በዚህ መልክ እንዳይጠራ ጠይቀዋል።

ስምምነት ስላልተገኘ አጭር ዕረፍት ተሰጠ። ትንሹ አማች ስልክ ሊያናግሩ ሲወጡ ትልቁ አማች የራሳቸውን ፕሮግራም በድብቅ አጠፉ። ትልቁ አማች እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ትንሹ አማች የራሳቸውን በድብቅ አጠፉ። ጸሐፊዋ ሁለቱንም አይታለች፤ ሥራዋ መመዝገብ እንጂ መናገር ስላልሆነ ዝም ብላለች። ስብሰባው ሲቀጥል ገፊ ተጠራ፤ ማንም አልመጣም። አውሮፕላኑ መንገደኛዋን አሳፍሮ ሰው እንደረሳው ዕቃ ቆመ። ነገሩ ሲገለጥ ሁለቱም በጣም ተነኩ። እያንዳንዱ "ለኔ ብሎ" እያለ ለሌላው ሲል የሌላውን መልሶ ጫነ። አሁንም ሁለት ገፊ ሆነ። በዚህኛው ሙከራ የነዳጅ ቦቴው በእናታችን መስኮት በኩል ገብቶ ወጥቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ሰላማዊ የሥራ ክፍፍል

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ። የአውሮፕላኑ ቀኝ ጎን ለትልቁ አማች፣ ግራ ጎኑ ለትንሹ አማች ይሁን። አፍንጫው የጋራ ይሁን። ሻንጣ ጫኞች በፈረቃ ይግቡ። አለመግባባት ቢነሳ የሚዳኝ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም፤ አባላቱም ሁለቱ አማቾች ይሁኑ።

እናታችን ድምፅ ባይኖራቸውም "ከነጋ ምንም አልቀመስኩም፤ አውሮፕላን ላይ ምግብ አይሰጡም?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ንዑስ ኮሚቴው ተመርቷል።

አጀንዳ አራት፦ በጸሐፊዋ የቀረበ ሐሳብ

ጸሐፊዋ መመዝገብ ስለሰለቻት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተናገረች። አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ መነሳት ግዴታው አይደለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ቦታ ቢነኩ በቀጥታ መንደርደሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ገፊ የሚባል ነገር አያስፈልግም አለች። ሁለቱ አማቾች ይህንን ከመጀመሪያውም ያውቁ እንደነበር ተናግረዋል። ለምን ዝም አላችሁ ሲባሉ አባታችንን አዩ።

አባታችን እንዲህ አሉ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኳቸው። አውቶቡስ ስነዳ አንድም ቀን በራሴ ከቆምኩበት ተነስቼ አላውቅም። ከኋላ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ሕፃን ሊኖር ይችላል፣ መስታወቱ ሁሉን አያሳይም። አንድ ሰው ከውጭ አይቶ ጎኑን ይመታልኛል፤ ያን ጊዜ እሄዳለሁ። አሁን ደግሞ መስታወቱ ቀርቶ ፊት ለፊቴ ያለውም እየደበዘዘ ነው። ሂድ የሚለኝ ሰው ሳይኖር አልሄድም።"

ሁለቱም አማቾች መሬት መሬት ያዩ ነበር። ጸሐፊዋም ስለራሷ መመዝገብ ካለባት አለቀሰች።

እናታችን ከተቀመጡበት ተነሱ። "ለመሆኑ ጎኑን ይመታልህ የነበረው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እናታችን "መንደርደሪያው ላይ አቁሙልኝ" ብለው አዘዙ፤ ትእዛዙም ያለ ውይይት ተፈጸመ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ከግራም ከቀኝም፣ እንደገናም ከግራ አዩ። ትልቁ አማች "እማማ፣ ከኋላው ምንም የለም እኮ፣ ጨዋታ ነው" ሲሉ "አንተ ዝም በል፣ እያየሁ ነው" ተባሉ። አይተው ሲጨርሱ የጠረጴዛውን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ደለቁና "ሳበው" አሉ።

አባታችን ሳቡት። አውሮፕላኑ ተንደረደረ፣ ተነሳ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ሆነ። እናታችን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው በቀኝ በኩል ባሕር ይታያል ወይ ብለው ጠየቁ። አባታችን ወደዚያው አዘነበሉት።

የመጨረሻ ውሳኔ፦

አንደኛ፣ ከላይ በአጀንዳ ሁለትና ሦስት የተወሰኑትም ሳይወሰኑ የቀሩትም በሙሉ ተሽረዋል። ሁለቱም ተጨማሪ ፕሮግራሞች እኩል በሆነ ክብር ይውጡ። ንዑስ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ፈርሷል፤ በእጁ የነበረው ብቸኛ ጉዳይ፣ የምግቡ ማለት ነው፣ ወደ ሁለቱ አማቾች ተመልሷል፤ ኩሽና ገብተዋል።

ሁለተኛ፣ የረዳትነት ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ወደ እናታችን ተመልሷል። ውሳኔው የሕክምናው ውጤት ምንም ይሁን ምን የጸና ነው። አባታችን ማየት ካልቻሉም ያበርራሉ፤ ከፊት ያለውን እናታችን እየነገሯቸው።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ጠዋት የአባታችን አልጋ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገባ አልጋውን የሚገፋው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ብቻ ነው። ሁለቱም አማቾች አልጋውን እንዳይነኩ ታግደዋል። ሠራተኛውም ቢሆን እናታችን ግራና ቀኙን አይተው የአልጋውን ጎን ሁለት ጊዜ ሳይመቱ እንዳይንቀሳቀስ ይነገረዋል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ እያለ ተበትኗል። ሰብሳቢው እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ቃለ ጉባኤውን የፈረሙት ረዳቷ ናቸው።