እርስዎ ይቅደሙ

ስለ ሌሎች ከተሞች ክፉ ማውራት ደግ አይደለም። ይሁን እንጂ እውነት መነገር አለበትና እንናገራለን፤ በሌሎች ከተሞች ሰው የሚጋፋው ለመቅደም ነው። በእኛ ከተማ ግን፣ ለሁለቱ የእምነት አባቶቻችን ምስጋና ይግባቸውና፣ ሰው የሚጋፋው ኋላ ለመቅረት ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ታላቅ ትሕትና መታሰቢያ ይሁን።

ከተማችንን ጎርፍ የቦረቦረው ጥልቅ ሸለቆ ለሁለት ይከፍላታል። ከላይ በኩል ማዘጋጃ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የላይኛው የጸሎት ቤት ይገኛሉ። ከታች በኩል የታችኛው የጸሎት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በሙሉ ይገኛሉ። ሁለቱን ወገን ያገናኝ የነበረውን የእንጨት ድልድይ የክረምቱ ጎርፍ ወሰደው።

በዚህ ነገር እንቅልፍ ካጡት ሰዎች አንዱ አናጢው ነበር። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደው ከዚያ በፊት የነበረው ድልድይ በተሰበረ ጊዜ፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ሸለቆው ውስጥ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ባረፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ድንጋዩ» እያለ ይጠራዋል። እናቱ ያን ቀን ክፉኛ ደምቷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያዋለደቻት የጤና ጣቢያው አዋላጅም እጇን እየታጠበች፣ «ሁለተኛ እዚህ ድንጋይ ላይ ብታመጧት አልወርድም፤ ለነፍሷም ዋስ አልሆንም» ብላ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ለችግሩ ፈጣን ምላሽ ሰጠ። «የእምነት ተቋማት በአካባቢ ልማት ያላቸው ሚና የማይተካ ነው» የሚል ጽሑፍ በሰፊ ጨርቅ ላይ አሳትሞ ድልድዩ በነበረበት ቦታ ሰቀለ። ሲተረጎም፣ እንጨቱ ከእኛ፣ ጉልበቱ ከእናንተ ማለት ነው። እንጨቱም መጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተከመረ። ሁለቱን አባቶች በአባልነት፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊውን በሰብሳቢነት የያዘ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ንግግራቸውን ሁሉ በ«እንግዲህ» ስለሚጀምሩ ከተማው አቶ እንግዲህ ይላቸዋል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ጥሪ ሲያቀርብ የሁለቱም ቤት ምእመናን ወጥተው ይሠራሉ ተባለ። የቀረው መሰብሰቡ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ሁለቱ አባቶች የአዳራሹ በር ላይ ተገናኙ።

«ይግቡ» አሉ የላይኛው አባት።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ይቅደሙ።»

«እንዴት ተደርጎ! ከማዶ የመጡ እንግዳ ነዎት።»

«እርስዎ ደግሞ በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«ዕድሜ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ እኔ ምን ሠራሁበት? ይግቡ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ!»

ሁለቱም በየቤታቸው ስለ ትሕትና ሲያስተምሩ ያረጁ አባቶች ናቸው። ቀድሞ የገባው በተከታዮቹ ፊት በትሕትና ተበለጠ ማለት ነው። ከየቤቱ አጅበው የመጡት ምእመናን ግቢው ውስጥ ቆመው በስስት ይመለከታሉ።

«የእኛ አባት ንቅንቅ አላሉም!» አለ አንዱ በኩራት።

«የእኛማ ጭራሽ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው» አለ ሌላው።

አቶ እንግዲህ ከውስጥ ሆነው ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚገባ ሰው ስላጡ ወጡና ስብሰባውን በሩ ላይ ከፈቱት። «እንግዲህ» አሉ፣ «ጉድለቱ የአባቶች አይደለም። በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስገባም። ይህ የመሠረተ ልማት ክፍተት ነው።»

በሩ እንዲሰፋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አናጢው ተጠራ።

«በምን እንጨት?» አለ አናጢው።

«ግቢው ውስጥ ተከምሮ የለም እንዴ?»

«እሱ የድልድዩ ነው።»

«እንግዲህ፣ ድልድዩ እንዲሠራ ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት። ለመሰብሰብ ደግሞ መግባት አለበት። ስለዚህ ይህ በር የድልድዩ መጀመሪያ ነው።»

«ጌታዬ፣ ሚስቴ እኮ ወሯ ገብቷል።»

«እንኳን ደስ አለህ! ሰፋ አድርገው።»

በሩ ሰፋ። በተከታዩ ስብሰባ ሁለቱ አባቶች አንዳቸው የሌላኛውን እግር እያዩ፣ እኩል አንሥተው እኩል እየጣሉ ገቡ። ጭብጨባው አስተጋባ። ነገር ግን የአዳራሹ ጠረጴዛ ረጅም ነበር፤ ረጅም ጠረጴዛ ደግሞ ራስጌ አለው። ሁለቱም ራስጌውን ሸሽተው ግርጌውን ሲሻሙ አንድ ወንበር ላይ ሊደራረቡ ምንም አልቀራቸውም። ስለዚህ በቀረው እንጨት ክብ ጠረጴዛ እንዲሠራ ተወሰነ።

ክቡ ጠረጴዛም ደረሰ፤ የመክፈቻ ጸሎት ጊዜ መጣ።

«እርስዎ ይጀምሩ።»

«ከእርስዎ በፊት አፌን አልከፍትም።»

ተባባሉና ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም አቶ እንግዲህ አንገታቸውን ደፉ፤ እነርሱም ደፉ። በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ «የእምነት አባቶች ጥልቅ የጋራ ጸሎት አደረሱ» ሲል ገለጸ። አቶ እንግዲህ ሲያንኮራፉ ሰምተናል የሚሉ አሉ። ነገር ግን በጥልቅ ጸሎት ውስጥ የማይሰማ ድምፅ የለም።

አናጢው ከጠረጴዛው የተረፈውን ፍልጥ ለማገዶ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲወርድ ሸለቆው አፋፍ ላይ አዋላጇን አገኛት።

«ድልድዩ ከምን ደረሰ?» አለችው።

«ክብ ሆነ።»

«ምን አልክ?»

«ጠረጴዛ ሆነ፣ እህቴ። መጀመሪያ በር ሆነ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ሆነ። አሁን እንጨት የሚባል የለም።»

«እንጨትማ ሞልቷል» አለች አዋላጇ። «ሁለቱም የጸሎት ቤቶች ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ የለም? አባቶች ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ማን ይቀመጥበታል?»

«ማንን አስፈቅጄ?»

«እስካሁን አስፈቅደህ የሠራኸው በር ነው።»

አናጢው ፍልጡን ጣለና መጀመሪያ ወደ አንዱ ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ሄዶ ጉዳዩን ለምእመናኑ አዋየ። በተከታዩ የስብሰባ ቀን አባቶች ክቡን ጠረጴዛ ከብበው በጥልቅ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ የሁለቱም ቤት ሰዎች አግዳሚዎቻቸውን እየተሸከሙ ከላይና ከታች ወደ ሸለቆው መጡ። እዚህ ላይ በሐዘን ልንገልጸው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ቀን በሸለቆው ውስጥ ትሕትና የሚባል ነገር አልታየም።

«ያዝ! ምን ትገተራለህ?»

«ሴትዮ፣ እግሬ ላይ ቆመሻል እኮ!»

«እግርህን እዚህ አድርግ ያለህ ማን ነው?»

«ሚስማሩን አምጪው፤ ምርቃቱ በኋላ ይደርሳል!»

ማንም ማንንም ይቅደሙ አላለም። በዚህ ዓይነት ስድ አሠራር ድልድዩ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ጠባብ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ወይም አንድ ቃሬዛ ብቻ ያሳልፋል። አናጢው መሐሉ ላይ ወጥቶ ዘለለበት፤ ወይ ፍንክች።

አቶ እንግዲህ ሰምተው እየሮጡ መጡ። «እንግዲህ፣ ኮሚቴ ሲጠናከር ውጤቱ ይኸው!» አሉና መሐሉ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩበት። ነገ በአባቶች እስኪመረቅ ማንም እንዳይሻገር አዘዙ።

በነጋታው ሕዝቡ በሁለቱም አፋፍ ላይ ወጣ። የላይኛው አባት ከላይ፣ የታችኛው አባት ከታች ተነሥተው ድልድዩ መሐል፣ ሪባኑ ፊት ለፊት ተገናኙ። መቀሱ በላይኛው አባት እጅ ነበር።

«እንካ— ይቅርታ፣ እንኩ፤ እርስዎ ይቁረጡት።»

«አባቴ፣ የያዙት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ መያዝ ይበቃኛል። መቁረጥ ለእርስዎ ነው የሚገባው።»

መቀሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ፣ አናጢውና ጎረቤቶቹ ቃሬዛ ተሸክመው ከታች በኩል ደረሱ።

«አባቶቼ፣ መንገድ! ሚስቴን ምጥ ይዟታል!»

«እሰይ፣ እሰይ!» አሉ የታችኛው አባት። «ይለፉ አባቴ፣ ምጥ የያዛት እናት መጥታለች።»

«እናት ከመጣችማ እኔ ማን ነኝና ነው የምቀድመው? እርስዎ ይለፉ።»

«ታዲያ አንዳችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ!» አለ አናጢው።

አባቶች ተያዩ። ሐሳቡ በእርግጥ መልካም ነበር።

«እንግዲያውስ ይመለሱ» አሉ የላይኛው አባት።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

ከቃሬዛው ላይ የአናጢው ሚስት ጮኸች። «እናንተ ሰዎች፣ ይኸኛው እንደሆነ ይቅደሙ ማለት አያውቅም! በቃ አውርዱኝ!»

ቃሬዛው ወደ ሸለቆው ወረደ። ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያለ በጀትና ያለ ኮሚቴ ሳያቋርጥ የሚያገለግል ተቋም በከተማችን እርሱ ብቻ ነው። አልወርድም ያለችው አዋላጅም ቦርሳዋን አንግታ፣ የሚረግሙ ከንፈሮቿን ነክሳ፣ ከላይ በኩል ተንደርድራ ወረደች።

ከዚያ በኋላ በሁለቱም አፋፍ ያለው ሕዝብ ወደ ድልድዩ መመልከቱን ተወ። አናጢው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከላይ አሁንም «በሞቴ»፣ «እኔ ልሙት» ይሰማል። በመጨረሻ የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ የአባቶች ግብዣም ቆመ።

«ደሟ ቆሟል!» ብላ ጮኸች አዋላጇ። «ደኅና ናት! ወንድ ነው!»

እልልታው ከሁለቱም አፋፍ ተነሣ። በዚያ ዕለት በከተማችን የተቆረጠ ነገር ቢኖር እትብት ብቻ ነው። ሪባኑ እንደታሰረ ነው።

ተሸካሚዎቹ እናትና ልጁን ይዘው በላይኛው በኩል ወደ ጤና ጣቢያው ሽቅብ ሲወጡ፣ ሁለቱ አባቶች ከድልድዩ ላይ ሆነው አዩአቸው። ልባቸው ተነክቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜም አንዳቸው ሌላኛውን ሳይጠብቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው በአንድ ድምፅ ተናገሩ።

«እለፉ፣ ልጆቻችን! እናንተ ቅደሙ!»

«አልፈናል» አለ አናጢው።