ቤተሰብ ኢንሹራንስ አይገባለትም

«ሠራተኞቼ ቤተሰቦቼ ናቸው» የሚል አሠሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጌዶ ውስጥ አንድ አውቃለሁ፤ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ኦቦ ፈይሳ። አይሱዙአቸው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። «ለሠራተኞቹስ?» ብዬ ብጠይቃቸው ደነገጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለቤተሰብ ኢንሹራንስ ይገባል እንዴ? ሟርት እኮ ነው! ደግሞስ ኢንሹራንስ መግባት በፈቃድ አይደል? ማን አስገደደኝ?»

አይሱዙው ላይ ሟርት ያልሆነው ምናልባት ዘመድ ስላልሆነ ይሆናል።

አምና የሥራ ቤቱ መጋዝ የአንዱን ሠራተኛቸውን የቶሎሳን አራት የቀኝ እጅ ጣቶች ቆረጠ። ኦቦ ፈይሳ በግ አስጎትተው ሊጠይቁት ሄዱ፤ ቤተሰብ አይደሉ? ቶሎሳ ካሳ እጠይቃለሁ ሲል ግን «ቤተሰብ ይካሰሳል ወይ?» ብለው ሽማግሌ ላኩበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጋዜጠኛ ነውና የስምምነቱን ወረቀት አሳምሮ ይጽፋል ተብሎ ነው።

«ጋሼ፣ በዚህ እጅ ነገ ማን ይቀጥረኛል?» አለኝ ቶሎሳ።

«አይዞህ፣ ኦቦ ፈይሳ አይጥሉህም» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ።

አንድ ወሬ ሳላጣራ ጽፌ የማላውቀው ሰውዬ፣ እንዴት እንደማይጥሉት እንኳ ሳልጠይቅ «አይጥሉህም» አልኩት። ከዚያ «ስለደረሰብኝ ጉዳት ከእንግዲህ የካሳ ጥያቄ አላነሳም» ብዬ በጥሩ አማርኛ ጻፍኩለት።

ፈርም ሲባል ቶሎሳ እስክሪብቶውን መያዝ አቃተው። የግራ እጁን አውራ ጣት ይዤ ቀለም ያስነካሁት፣ ወረቀቱም ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ።