መሐንዲሱ በረንዳዬ ላይ

መንገድ የሚጠበው በመኪና ብዛት ነው የሚል ሰው ወለጋን ረግጦ አያውቅም! የእኛን መንገድ የሚያጠበው ሰላምታ ነው። አትሳቁ... በረንዳዬን የበላብኝ እሱ ነው።

ቤቴ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ አናጢ ለምኜ በረንዳ አሠራሁ። በረንዳ ብላችሁ በቀላሉ እንዳታልፉት! አመሻሽ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ስቀመጥ ጋራው፣ ጫካው፣ እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ሁሉ ከእግሬ ሥር ነው። አገረ ገዢው እንኳ እንዲህ ያለ እይታ የላቸውም።

ታዲያ መንገዱ ይስፋ አይስፋ የሚል ክርክር ተነሣ። ከሰፋ በእኔ በኩል ነው፤ በወዲያ በኩል ገደል ነዋ! የሚመረምር መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ሊመጣ መሆኑ ሲሰማ ባለቤቴ አስካለ መላ አመጣች።

"ገበያ በማይውልበት ቀን እኛው ጋ አስቀምጠው። መንገዱ ባዶ መሆኑን በዓይኑ ይየው። ደግሞስ ምሳ የበላበትን ቤት በረንዳ የሚያፈርስ ማን ጨካኝ አለ?"

ይህች ሴት ሚኒስትር አለመሆኗ የአገር ኪሳራ ነው!

መሐንዲሱ መጣ። ባርኔጣ ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው። ዶሮውን በላ፣ ወንበሬ ላይ ተመቻቸ፣ መንገዱን ያይ ጀመር። አንዲት አህያ አለፈች።

"ያው ነው እንግዲህ፤ ከሷ ሌላ ደንበኛ የለውም" አልኩት።

ፈገግ አለ። እኔማ በልቤ በረንዳዬን ቀለም መቀባት ጀምሬ ነበር።

ይኼኔ ጎረቤቴ ኦቦ ደቻሳ በበቅሎ ብቅ አሉ። የዚህ አገር ሰው እንግዳ የተቀመጠበትን ቤት ዝም ብሎ አያልፍም፤ በቅሎ ላይ ሆኖ ሰላም ማለት ደግሞ ነውር ነው። ወረዱ። መንገዱ መካከል ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አካም ኦልተን? ነጋዳ? ጆሌን ፈያዳ? ሎን ፈያዳ?"

መሐንዲሱ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

"ልጆችዎ ደህና ናቸው? ከብቶችዎስ? ነው የሚሉዎት።"

"ከብት የለኝም።"

ይህ ሲተረጎምላቸው ኦቦ ደቻሳ ከልባቸው አዘኑና ያጽናኑት ጀመር። በቅሎዋ መንገዱን በወርዱ ዘግታ ቆማለች። ሕዝብ የጫነው ሎንቺና ከጊምቢ ደረሰ። ሾፌሩ ሰላምታ ላይ ባለ ሽማግሌ ላይ ጥሩምባ አይነፋም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ጉልበት ሊስም ወረደ። ተሳፋሪውም እንግዳውን ለማየት ተከተለው። ከወዲያ በኩል ጨው የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና መጥቶ ተገተረ።

"እባካችሁ ዞር በሉ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ!

ከኋላ የደረሱት የሰፈራችን አልቃሽ እማማ ብርቄ ናቸው። ቤቴ ደጃፍ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ አዩ፤ ከበቅሎ ወርደው ባርኔጣቸውን ያወለቁትን ሽማግሌ አዩ... ሌላ ምን ይጠርጥሩ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ ጎረቤቴ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሎንቺና ሙሉ ሰው አብሯቸው አነባ።

"ማን ሞተ?" አለች አንዷ ተሳፋሪ ጎረቤቷን።

"እኔ እንጃ፣ አንቺ ብቻ አልቅሺ!"

"ኧረ የሞተ የለም!" እያለች አስካለ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እማማ ብርቄ ተቀይመው ሄዱ።

መሐንዲሱ ሁሉንም አይቶ ተነሣ። "መንገዱ ለመኪና ይበቃል። አይሰፋም።"

ልስመው ምንም አልቀረኝ!

"ግን..." አለ፣ "ሰላም የሚባባሉበት ቦታ የለውም።" በእርሳሱ ወደ እግሬ ጠቆመ። "እዚህ ጋ ሰፋ ያለ መቆሚያ ቢሠራ ነገሩ ያልቃል።"

ዶሮዬን በልቶ!

በረንዳው ፈረሰ። ኦቦ ደቻሳ በቦታው በቅሏቸውን ዘና ብለው ያቆሙና እኔንም እንደ መሐንዲሱ የሌሉኝን ከብቶች ደህንነት ይጠይቁኛል። እማማ ብርቄ ግን ቅያሜያቸው አልወጣላቸውም። ባለፉ ቁጥር ባዶውን ቦታ አይተው እንዲህ ይሉኛል፦

"እኔ በጊዜው አልቅሼ ነበር፤ እናንተ ናችሁ የሳቃችሁት።"