ያለ ባለቤት የተጻፈች አንዲት መስመር

አማርኛችን ባለቤቱን የማያስነካ ግስ ሞልቶታል። ብርጭቆውን ማን ሰበረው? «ተሰበረ።» መንገዱስ? «ይሠራል።» የእኔስ ጉዳይ? «ይታያል።» እርስዎም ቢሆኑ ስንቱን «ይታያል» ተሸክመው ወደ ቤትዎ ተመልሰዋል!

እኔ ነገሌ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ጤና ቢሮ መመሪያ እጽፋለሁ። የክትባት መዝገባችን ከወረቀት ወጥቶ ክላውድ የሚሉት ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል፤ ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር ይይዘዋል፣ እኛ በኢንተርኔት እንከፍተዋለን። ያ ኮምፒውተር ትክክለኛው መሆኑን የሚያረጋግጥልን ሰርተፊኬት አለው፤ ቅጂው በየቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ጊዜው ያልፍበታል። ታዲያ መመሪያው ላይ «የሰርተፊኬቱ ጊዜ ሲያልፍ በአዲስ ይታደሳል» ብዬ ጻፍኩ። ማን ያድሰዋል? እሱን አልጻፍኩም።

አንድ ጠዋት ከሜጋ ቅርንጫፋችን ኦቦ ጂሎ ደወሉልኝ። ሜጋ ላይ ከብት ሲከትቡ ያረጁ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። «አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ የልጆቼን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቀው ሲያበቁ፣ መዝገቡ አልከፈትም ማለቱን ነገሩኝ።

«ሰርተፊኬቱን አላደሱትም እንዴ?»

«ይታደሳል ይላል እኮ! በየጠዋቱ ታድሶ እንደሆነ አያለሁ። ገና ነው።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል። አዴ ሎኮ የሚባሉ ሴት በመኪና ወደ ገበያ የሚጫኑ ስድስት በሬዎች ሁለት ቀን ነድተው መጥተዋል። ዝናቡ ቀርቷል፣ ሣር የለም፤ በሬዎቹ ዛሬ ካልተጫኑ ነገ ቆዳ ናቸው። የክትባት ማስረጃው ካልታተመ ደግሞ አይጫኑም። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ አዴ ሎኮ ከጎማው ፊት ቁጭ ብለው፣ በኦሮምኛ «እኔን ረግጠህ ሂድ!» ሲሉ ነገሌ ድረስ ተሰማኝ።

አዲሱን ሰርተፊኬት ከየት እንደሚያወርዱ፣ የት እንደሚያስቀምጡት ለኦቦ ጂሎ በስልክ ነገርኳቸው። ኔትወርኩ ሁለቴ ጠፋ። በሦስተኛው መዝገቡ ተከፈተ፤ ወረቀቱ ታተመ፤ አምስት በሬዎች ተጫኑ። ስድስተኛው ግን ፀሐይ ላይ ሲጠብቅ ተኝቶ በዚያው ሳይነሳ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጂሎ እንደገና ደወሉ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አማርኛዬ ደካማ ነው።»

አማርኛውን እንደተጻፈ ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ደካማው የእኔ ነበር፤ አፍ መፍቻዬ ሆኖ! ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ግን ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ያን ዕለት መስመሩን አስተካከልኩ፦ «ጊዜው ከማለፉ በፊት እርስዎ አዲሱን ሰርተፊኬት አውርደው ይተኩ።» አለቃችን በወር ሪፖርቱ ላይ «ጥቃቅን የቃላት ማስተካከያ ተደርጓል» ሲል አሰፈረው። የአዴ ሎኮን በሬ የሚያህል ጥቃቅን!

ሳምንት ሳይሞላ ኦቦ ጂሎ ደወሉ። «አዲሱን አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን እዚህ ቢሮ ሦስት ነን፤ ሦስታችንም አንቱ እንባባላለን። 'እርስዎ' ያልከው የትኛችንን ነው?»

«እርስዎን ነዋ፣ ኦቦ ጂሎ።»

«እንዲያ ከሆነ ስሜን ጻፈው።»

ጻፍኩት። በማግስቱ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ተራ በተራ ደወሉ። ቅር ብሏቸዋል፤ የእኛ ስም ለምን ቀረ?