የጋሼ ፈንታው ማተብ

ሥራ ባለበት ሁሉ አንድ «ትንሽ ቀረችኝ» ባይ አይጠፋም። ጋራዥ ከሆነ መኪና ሥር ተኝቶ ይላታል፣ ቢሮ ከሆነ ከወረቀት ክምር ጀርባ። ወልድያ ላይ የዚህ ወገን አለቃ የሚገኙት ግን በአንዲት የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ክቡር ሚኪያስ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም፤ አንቱታውን ያገኙት ከወንበራቸው ባለመነሳታቸው ነው።

የሾመቻቸው ባልደረባቸው ፌቨን ናት። እሷ ካሜራዋን ይዛ ከመርሳ እስከ ሐራ ሠርግ ስትቀርጽ ትከርማለች። ካርዱን ካስረከበች በኋላ የምታየው ያለቀውን ብቻ ነው። መሃል ላይ ያለው የክቡርነታቸው ግዛት ነው፤ ከሙሽራዋ ራስ ላይ የበቀለ የመብራት ምሰሶ ይነቅላሉ፣ የገረጣ ሰማይ ላይ ደመና ያለብሳሉ። አንዷ ሰከንድ ሃያ አምስት ምስል ናት፤ እሳቸው ሃያ አምስቱንም በየተራ ያሻሉ።

«ሚኪ፣ ምሳ» ትላለች ፌቨን።

«መጣሁ፣ ትንሽ ቀረችኝ።»

ሽሮው ይቀዘቅዛል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ከሳህኑ ጋር አንድ አካል ይሆናል። መብራት ሲጠፋ እንኳ ያርፋሉ ብላ ስትጠብቅ ክቡርነታቸው ባትሪ ገዙ። በገዛ እህታቸው በራሄል ሠርግ ዘመድ ሁሉ እልል ሲል፣ እሳቸው ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለውን የውሃ ታንከር ትክ ብለው አይተው «ችግር የለም፣ አጠፋዋለሁ» አሉ። አንድ ቀን ዓይናቸውን እንዲያሳርፉ በግድ ጎትታ በረንዳ ላይ ብታቆማቸው፣ የእግዜርን ደመና አንጋጠው ተመለከቱና «ጠርዙ አልተስተካከለም» ብለው ተመልሰው ገቡ።

«ሰው የሠርግ ቪዲዮ የሚያየው ጠላ እየጠጣ ነው፤ ማን በአጉሊ መነጽር ያይልሃል?» ብትላቸውም አይሰሙም።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ፈንታው ከመርሳ መጡ። ልጃቸውን ሶስናን ከዳሩ ወር ሆኗቸዋል፤ ቪዲዮው የደረሳቸው ትናንት ነው።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እስቲ ምርቃቱን ክፈቱልኝ።»

ተከፈተ። ጋሼ ፈንታው ጋቢያቸውን ደርበው ሶስናን ይመርቃሉ። ፌቨን መጀመሪያ ምንም አልታያትም። በኋላ አየችውና ክው አለች። የሽማግሌው አንገት ባዶ ነው።

«ማተቤ የታለ?» አሉ ጋሼ ፈንታው። «ክርስትና ከተነሳሁ ጀምሮ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ልጄን በዳርሁ ቀን ማተቤን የበጠስሁ አስመሰላችሁኝ። እሑድ አማቾቼ ይህን ሊያዩ ቤቴ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?»

ፌቨን ገባት። ለምርቃቱ ኮሌታቸው ላይ ድምፅ መቅጃ ሰክታ ነበር። ሽቦው ስለታየባት «አንገታቸው ላይ ያለውን ጥቁር ሽቦ አጥፋ» ብላ ጻፈች። ክቡርነታቸው ለሦስት ቀን ካልተነሱበት ወንበር ላይ ሆነው፣ አንገት ላይ ያለ ጥቁር ነገር ሁሉ ሽቦ ሆኖባቸዋል።

ያልተነካውን ቅጂ ካለቀው ጎን ለክቡርነታቸው ከፈተችላቸው። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አሉ።

ፌቨን የቪዲዮውን ድንጋጤ ረሳችው። ይህ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ነው።

ጋሼ ፈንታውም ቁጣቸው በረደ። «ልጄ፣ በሬም እኮ ከቀንበር ይፈታል» አሉት።

«እሺ አባቴ፣ ትንሽ ቀረች...»

«ያንተ ትንሽ የሰው ማተብ በጠሰች። ተነስ» አለች ፌቨን፤ ስክሪኑንም አጠፋችበት። ሽማግሌው ክንዱን ይዘው እስከ ቤቱ ካደረሱት በኋላ ወደ መርሳ ተሳፈሩ። ሹመቱም ያኔ ተሻረ፤ ሚኪያስ ብቻ ሆነ።

ፌቨን ማተቡን ወደ ቦታው ለመመለስ የሶስናን ሠርግ ሥራ ከኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች። ሚኪያስ የነካካውን ሁሉ በየስሙ አስቀምጦታል፤ «ምሰሶ»፣ «ደመና»፣ «ሽቦ»። የመጨረሻው «የፌቨን ጥላ» ይላል።

ከፈተችው። በሶስና ቬሎ ላይ ካሜራ የተሸከመች ሴት ጥላ ተጋድሟል። ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጋ ስለምትቆም ጥላዋ ሙሽሮቹ ላይ ሲወድቅ ኖሯል፤ እሱ ደግሞ አንድ በአንድ ሲያነሳው። የሐራውን ሠርግ ከፈተች፤ «የፌቨን ጥላ»። የአምናውን ከፈተች፤ እዚያም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው «የፌቨን ቀረጻ ነውር የለውም» ሲላት፣ ሽሮውን የምታቀዘቅዘው «ትንሽ» የራሷ ጥላ ነበረች። አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።

አለቀሰች። ቀጥላም ተናደደች፤ ቢነግራት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ማተቡ ቅዳሜ ጠዋት መርሳ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት ጋሼ ፈንታው ደወሉ። «አማቾቼ አይተው ደስ ብሏቸዋል። ልጁስ ተኛ?» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲሪንቃ ላይ ፌቨን ቆማ የቀረጸችው ፀሐይዋን በጎን አድርጋ ነው። ሚኪያስ ካርዱን ተቀብሎ ከጧት ጀምሮ ሲፈልግ ቆየ።

«ፌቨን፣ ጥላሽ የለም» አለ ግራ ገብቶት።

ደነገጠች፤ ለካስ ማወቋን አያውቅም። «ምሳ ሄዷል» አለችው። «አንተም ና።»

ስክሪኑን አየ፤ ምንም የቀረ ነገር የለም። ተነሳ። ሽሮው እየፈላ ቀረበ፤ ሚኪያስ እንደ ልማዱ ቀዝቅዟል ብሎ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰና ምላሱን ተቃጠለ።