ኮዱ ራሱ ይናገራል

እናንተዬ፣ "ኮዱ ራሱ ይናገራል" የሚል ፕሮግራመር ገጥሟችሁ ያውቃል? የኛው ሰይድ አንዱ ነው። ደሴ ላለው ጤና ጣቢያችን የታካሚዎች ሲስተም ፒኤችፒ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሲሠራ፣ መረጃው ከዳታቤዝ የሚጠራባቸውን ስሞች የትም አልጻፈም። ስሙን ከሳታችሁ ኮዱ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል። ሲስተሙ ላይ አዳዲስ ገጽ የምጨምረው እኔ፣ በአንድ ለአምስት የሥራ ቡድናችን ግምገማ ላይ ስወቅሰው፣ "ወላሂ፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ" ብሎ ዘጋኝ።

አንድ ቀን እሱው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ከኮምቦልቻ መጥቶ ጤና ጣቢያችን አልጋ ላይ ወደቀ። ነርሷ መርፌዋን ይዛ፣ "የማይስማማው መድኃኒት አለ?" አለችኝ። የሱን መዝገብ ስከፍት፣ እኔ የሠራሁት ገጽ ላይ የማይስማማው መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የማይስማማው የለም? ወይስ ስሙን ስቼ ነው የጠራሁት?

"ሰይዶ! የማይስማማህ መድኃኒት ምንድን ነው?" ብዬ ጮህኩበት።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ሲስተሙ ላይ አስገብቼዋለሁ እኮ!" አለኝ።